በረዶ ሲያጣ የሚታመም ማሽን፦ ባለ 600 ሲሲ ስኖውሞቢል ከአንድ ሙሉ ወቅት በኋላ

ስኖውሞቢል (ከፊት በሁለት ስኪ ማለትም መንሸራተቻ፣ ከኋላ በሰንሰለት በረዶ ላይ የሚሄድ ማሽን) ሊገዛ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የፈረስ ጉልበቱን የሚያነሳ የለም። የቀን ጉዞ በሰላም ማለቁን የሚወስኑት ሦስት ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፦ ቺንጋው፣ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክና ከስኪው ሥር ያለችው ጠንካራ ብረት። ይህ ግምገማ ስለ ወንበሩ ምቾትና ስለ ስክሪኑ ስፋት ብዙ የማይለውም ለዚሁ ነው።

ማሽኑ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ሁለት ሲሊንደር፣ 600 ሲሲ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ጉልበቱ 120 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ዘይቱን ከራሱ ዕቃ እየሳበ ስለሚጠቀም እንደ ድሮ ቬስፓ ቤንዚንና ዘይት በጠርሙስ ማደባለቅ የለም። ከኋላ የሚገፋው እንደ ዶዘር ያለ፣ ግን ከጎማ የተሠራ ሰንሰለት ነው፤ ዙሪያው 137 ኢንች (348 ሴ.ሜ)፣ ስፋቱ 15 ኢንች፣ የጥርሶቹ ቁመት 1.25 ኢንች። ይህ ልክ ለተደለደለ የገጠር መንገድ የተመረጠ ነው። ጥልቅ በረዶ ያለበት ተራራ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ረጅም ሰንሰለትና ረጃጅም ጥርስ ያለው ሌላ ማሽን ይፈልግ። የፋብሪካው ስም እዚህ አልተጻፈም፤ በዚህ መደብ የሚሸጡት ማሽኖች በመዋቅር ወንድማማች ስለሆኑ የሚያስመሰግናቸውም የሚያስወቅሳቸውም ተመሳሳይ ነው። አገልግሎቱ በአሜሪካ፣ በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ፣ በቀን ከ200 እስከ 240 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነበር።

በረዶ መንገዱ ብቻ አይደለም

መኪና ራዲያተሩን በነፋስ ያቀዘቅዛል። ይህ ማሽን ግን ከመቀመጫው ሥር፣ ሰንሰለቱ በሚሽከረከርበት የአሉሚኒየም ዋሻ ጣሪያ ላይ የተዘረጉ ማቀዝቀዣዎች አሉት። ሰንሰለቱ ወደ ላይ የሚበትነው የበረዶ ብናኝ እነሱ ላይ አርፎ ሲቀልጥ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ያው ብናኝ ሌላም ሥራ አለው። ሰንሰለቱ ከውስጥ በኩል የብረት ክሊፖች አሉት፤ ክሊፖቹ የሚንሸራተቱት ሃይፋክስ በሚባል ፕላስቲክ በተሸፈነ ሐዲድ ላይ ነው። ለፕላስቲኩ ግራሶም ዘይትም አይቀባለትም፤ ቅባቱ በረዶ ነው።

ስለዚህ አደገኛው ቀን በጣም የቀዘቀዘው ወይም ብዙ የጣለበት ቀን አይደለም። ቀልጦ መልሶ የረጋ፣ እንደ መስታወት የጠነከረ መንገድ ነው ማሽኑን የሚገድለው። ምልክቱ በተራ ይመጣል። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ቀጥሎ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ማሽኑ እንደተለመደው ከመንሸራተት ይልቅ የተያዘ ያህል ይቆማል፤ በመጨረሻ የሙቀት መብራቱ ይበራል። መብራቱ ሲበራ ቆሞ ሞተሩን በሚኒሞ ማሠራት ዋጋ የለውም፤ ሰንሰለቱ ካልዞረ በረዶ አይረጭም፣ ሙቀቱም ይብሳል። አጥፍቶ በዋሻው ዙሪያ በረዶ መቆለል፣ ትንሽ ቆይቶ የመንገዱን ዳር ያልተረገጠ በረዶ ይዞ መሄድ ይሻላል።

መከላከያው ከሐዲዱ ጎንና ጎን የሚታሰሩ ሁለት የበረዶ መጫሪያ ሽቦዎች ናቸው። ወደ ታች ሲለቀቁ በረዶውን እየጫሩ ብናኙን ሰንሰለቱ ውስጥ ይከታሉ። ከማሽኑ ጋር ካልመጡ ለብቻ መግዛት ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል። ጠምዛዛ የብረት ሽቦ የሆኑት ማሽኑ ወደ ኋላ ሲሄድ መሬት ይዟቸው ይሰበራሉ፤ የኋላ ማርሽ ከመጫን በፊት ማንሳት ያስፈልጋል። ተጣጣፊ ኬብል ያላቸው ይህ ችግር የለባቸውም፤ ትንሽ ቢወደዱም እነሱን እንመርጣለን። መጫሪያዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለተገጠሙ ሃይፋክሱ ወቅቱን በሙሉ ዘልቋል። ውፍረቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ግን ሳይጠብቁ መቀየር ነው፤ ክሊፑ ሐዲዱን መብላት ከጀመረ ወጪው ሌላ ነው።

ቺንጋው

ማሽኑ በእጅ የሚቀየር ማርሽ የለውም። ኃይሉ ከፊተኛው ፑሊ ወደ ኋለኛው የሚሻገረው በአንድ ሰፊ ቺንጋ ነው። ዙሩ ሲጨምር የፊተኛው ፑሊ እየተጠበበ ቺንጋውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የኋለኛው እየተከፈተ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በደንብ የተያዘ ቺንጋ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ያልተያዘ በአሥር ደቂቃ ይቃጠላል። የሚያቃጥሉት ነገሮች ጥቂት ናቸውና ሁሉንም ማወቅ ይቻላል። አንዱና ዋናው ሰንሰለቱ ሌሊት መሬት ላይ ረግቶ እያለ ነዳጅ መስጠት ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ሰንሰለቱ አይነቃነቅም፣ ቺንጋው በመሃል አንድ ቦታ ላይ ይፋቃል።

የጠዋቱ ሥርዓት ይህን ይመስላል። ሞተሩን ማስነሳት፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ማሞቅ። እስከዚያ የስኪዎቹን ጫፍ ግራ ቀኝ መነቅነቅ፣ የኋላውን መያዣ ይዞ ማሽኑን አንስቶ መልቀቅ፣ የረጋው እስኪላቀቅ ድረስ። ማታ ሲቆም ሰንሰለቱን በሁለት እንጨት ላይ ማሳረፍ ይህን ድካም ግማሽ ያደርገዋል። በማንሻ ላይ አቁሞ ሰንሰለቱን በዝግታ ማዞርም ይቻላል፤ ያኔ ግን ከኋላ ማንም አይቁም፣ የተያዘ ጠጠር እንደ ወንጭፍ ይወረወራል።

አዲስ ቺንጋ ከመግጠም በፊት በሞቀ ውኃና ሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ሙሉ ነዳጅ አለመስጠት። ብዙ ሰው የማያደርገው አንድ ብልሃት አለ፦ መጠባበቂያውን መጀመሪያ ገጥሞ ካለማመዱ በኋላ አውልቆ ማስቀመጥ። ጫካ መሃል የሚገጠመው ቺንጋ ያኔ ሥራ የለመደ ይሆናል። ማሽኑ በሚኒሞ ቆሞ ወደ ፊት የሚጎትት ከሆነ ቺንጋው በጣም ጠብቋል፤ ቺንጋው ከኋለኛው ፑሊ ጠርዝ በታች ገብቶ ከተቀመጠ ላልቷል፣ ሲነሳም ይጎተታል። በየ800 ኪሎ ሜትሩ አውልቆ ብናኙን በአየር መንፋትና የፑሊዎቹን ፊት መጥረግ ይበቃል። ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨለጨ ወይም አንድ ቦታ ላይ የቀጠነ ቺንጋ አይታከምም።

መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቁልፉን ማጥፋት፣ የጎኑን ክዳን መክፈት፣ ፑሊዎቹ ስለሚፋጁ በጓንት መንካት። ከማሽኑ ጋር በሚመጣው መክፈቻ የኋለኛውን ፑሊ አስፍቶ አዲሱን ማስገባት፤ ጽሑፉ ወይም ቀስቱ በትክክለኛው አቅጣጫ መሆኑን ማየት። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ የተበጠሰው ቺንጋ ክር ከፑሊው ጀርባ ተጠምጥሞ ይቀራል። ያ ክር እስከ መጨረሻው ካልተለቀመ ጎሚኒውን ቆርጦ ኩሽኔታውን ያበላሻል።

መሪው ሲዋልል

ከእያንዳንዱ ስኪ ሥር ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር የተበየደበት ዘንግ አለ፤ ማሽኑ ኩርባ ላይ የሚይዘው በሱ ነው። እዚህ ማሽን ላይ 2,400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጠፍጥፎ ተቀይሯል። በረዶ አይፈጀውም፤ አስፋልት ነው የሚፈጀው። መንገድ ሲሻገሩ ቀጥ ብሎ በዝግታ፣ ሳይጠመዝዙ። ስኪው ሌሎች የተዉትን ቦይ እየተከተለ ግራ ቀኝ የሚጎትት ከሆነ ጎን ለጎን ሁለት ዘንግ ያለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ወደ ኩርባ ሲገባ ፊቱ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ የሰንሰለቱን ሐዲድ ከፊት የሚያስረውን ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ማሳጠር ክብደቱን ወደ ስኪዎቹ ይመልሰዋል። የሞላው ጥንካሬ የሚስተካከለው እንደ ነጂው ክብደት ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው ለሁሉም አይሆንም።

ሰንሰለቱ ራሱ ወደ አንድ ጎን ከሄደ መርሁ ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ላላው ጎን ነው። ወደ ግራ ከተጠጋ የግራውን የሰንሰለት መወጠሪያ ብሎን ማጥበቅ፤ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ አዙሮ ማየት።

የረጅም ቀን ሒሳብ

ምሳሌ የሚሆነው ከዱሉዝ እስከ ግራንድ ማሬ በሱፒሪየር ሐይቅ አናት የሚሄደው የኖርዝ ሾር መንገድ ነው፤ 146 ማይል ወይም 235 ኪሎ ሜትር። ማሽኑ በሊትር ከ6.5 እስከ 7.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሰልባትዮው ወደ 38 ሊትር ይይዛል። በወረቀት ላይ ይደርሳል። ትኩስ በረዶ፣ የፊት ነፋስና ከፊት በፍጥነት የሚነዳ ባልንጀራ ሲጨመሩ ግን አይደርስም። መንገዱ ከሐይቁ ርቆ በጫካ ስለሚያልፍ ነዳጅ ለመቅዳት በቅርንጫፍ መንገድ ወደ መንደሮቹ መውረድ ያስፈልጋል፤ ሰልባትዮው ግማሽ ሲሆን መውረድ ነው እንጂ መብራት መጠበቅ የለም። በተሞላ ቁጥር የዘይቱን ዕቃ ማየት፤ በአንድ ሰልባትዮ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ዘይት ይሄዳል። ዘይቱ ካለቀ ሞተሩ አያስጠነቅቅም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

የሚኒሶታ የፍጥነት ወሰን በሕዝብ መሬትና ውኃ ላይ በሰዓት 50 ማይል ነው። ከማረፊያው ጋር አማካዩ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ 235 ኪሎ ሜትር ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በዲሴምበር መጨረሻ እዚያ ፀሐይ የምትታየው ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። መንገድ ደልዳዮቹ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ስለሚሠሩና በረዶው በብርዱ ስለሚጠነክር ጠዋት ምንጣፍ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ኩርባዎቹ መግቢያ ላይ ፍሬን የቆፈረው ጉብታ ወገብ ይሰብራል። በማለዳ መነሳት ከውድ አሞርዛተር ይበልጣል።

ብርዱን በተመለከተ፣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ባዶ ቆዳ የሚሰማው 38 ከዜሮ በታች ያህል ነው። የመሪው መያዣዎችና በአውራ ጣት የሚጫነው ነዳጅ መስጫ ማሞቂያዎች ወቅቱን ሙሉ ሳያስቸግሩ ሠርተዋል። ያስቸገረው የሄልሜቱ መስታወት ማሞቂያ ሽቦ ነው፤ ሶኬቱ ላይ ይበጠሳል፣ መስታወቱ በሁለት ደቂቃ ይረጋል። መለዋወጫ ሽቦው ኪስ የሚሞላ አይደለም፣ ይያዝ። ከውስጥ የጥጥ ልብስ አይለበስም፤ ላብ ይዞ ይቀራል። ስልክ በውስጠኛው ኪስ ካልሆነ ባትሪው ይሞታል።

ሐይቅ ላይ ለመውጣት የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚመክረው ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ኢንች ውፍረት ያለው አዲስ፣ ጥርት ያለ ግግር (ውኃው ራሱ የረጋው) ነው። ነጭ ግግር ጥንካሬው ግማሽ ስለሆነ እጥፍ ይፈልጋል። የወንዝ መግቢያና መውጫ አጠገብ ያለውን ደግሞ ቁጥር አያድነውም።

የተበላሸውና የሚገዛ ሰው የሚያየው

ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የኋለኞቹ ትናንሽ ጎማዎች ኩሽኔታ 2,700 ኪሎ ሜትር ላይ መጮህ ጀመረ፤ ሁለቱ ተቀየሩ። በእጅ ሲሽከረከር የሚያንጓጓ ካለ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ነው የሚቀየረው። የማርሚታው ማሰሪያ ሞላ አንዱ ተሰበረ፤ ተራ ነገር ነው። የካቴናው ሳጥን (ኃይሉን ከኋለኛው ፑሊ ወደ ሰንሰለቱ የሚያሻግረው) ዘይት በወቅቱ መጨረሻ ሲቀየር የማግኔቱ ብሎን ላይ ያለው ደቃቅ ብናኝ አያሳስብም፣ ቁራጭ ብረት ግን ያሳስባል። በ30 ከዜሮ በታች ባትሪው ሞተሩን በጭንቅ ነው የሚያዞረው፤ በገመድ ማስነሻ የሌለው ማሽን በዚህ አገር ባይገዛ ይሻላል።

አዲሱ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ብዙው ሰው ያገለገለ ይገዛል። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ ካሞቀው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ራስ ማስነሳት። ካንዴላዎቹን አውልቆ የሁለቱን ሲሊንደሮች ግፊት መለካት፤ ልዩነታቸው ከ10 ከመቶ ከበለጠ መተው። የጎደሉ ክሊፖችና የተቀደዱ ጥርሶች መቁጠር። ከዲሴምበር 31፣ 1976 በኋላ የተወለደ ሰው በሚኒሶታ ያለ ደህንነት ሥልጠና ምስክር ወረቀት መንዳት እንደማይችልም ማወቅ ይገባል፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ማሽኑ ለስምንት ወር ሲቆም ሰልባትዮው ውስጥ የነዳጅ ማቆያ ጨምሮ አሥር ደቂቃ ማሠራት፣ ሲሊንደሮቹን በመከላከያ ዘይት መርጨት፣ የግራሶ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መሙላት፣ ቺንጋውን ማውለቅ፣ ኋላውን ከመሬት ማንሳት። የማርሚታውን አፍ በብረት ሱፍ መድፈን ነው፤ አይጥ ከዚያ የተሻለ ቤት አታገኝም። ከደፈኑም በኋላ መሪው ላይ ወረቀት ማንጠልጠል፣ ኖቬምበር ሲደርስ ሱፉ መኖሩ ይረሳል።