ማልታ በየካቲት፦ ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን

እማዬ ሮም ልትጠይቀኝ በመጣች በሳምንቷ፣ "ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበት ደሴት ከዚህ ይርቃል?" አለችኝ። አይርቅም፤ ከሮም በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በሐዋርያት ሥራ "መላጥያ" የተባለችው ዛሬ ማልታ የምንላት ደሴት ናት። በአንድ ቪዛ በሚኬድበት የሸንገን ክልል ውስጥ ስላለች እማዬ ጣልያን የገባችበት ቪዛ በቂ ነበር። ቀኑንም አስቤበት ነው የመረጥኩት፤ ማልታዎች የመርከቡን መሰበር የሚያስቡት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 10 ነው፣ በ2024 ደግሞ ቅዳሜ ላይ ዋለ። በእኛ የካቲት 2 መሆኑ ነው። ዓርብ ጠዋት ገብተን እሁድ ማታ ተመለስን።

በቅሬታው ልጀምር። ያረፍነው ዋና ከተማዋ ቫሌታ ውስጥ፣ አንድ የድሮ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማስታወቂያው አሳንሰር አለው ይላል፤ ስንደርስ ተበላሽቷል ተባልን፣ እስክንወጣም አልተሠራም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ በየፎቁ እያረፍን ነበር የምንወጣው። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ አረንጓዴ የተቀባው የእንጨት በረንዳም ልብ ይወስዳል። ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው። የማልታ የድሮ ቤቶች ከቢጫ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ፣ ለበጋ ሙቀት የታሰቡ ናቸው፤ በክረምት (የእነሱ ክረምት እኛ በጋ የምንለው ነው) እርጥበቱ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ አንሶላው ሁሉ የራሰ ይመስላል። ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያመጡልን ሁለቴ ከደወልኩ በኋላ ነው። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ማሞቂያዋ አጠገብ ተቀመጠችና፣ "ጳውሎስም በዝናብና በብርድ ነው የደረሰው፤ እሳት አንድደው ነው የተቀበሉት" አለችኝ። ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ብርዱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። በክረምት የምትሄዱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማሞቂያ መኖሩንና አሳንሰሩ መሥራቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ እማዬ ጾመኛ ናት። በየመንገዱ የሚሸጠው ፓስቲዚ በአይብ ወይም በአተር የተሞላ ትኩስ ነገር ነው፤ የአተሩም ቢሆን ሊጡ ቅባት አለው ስላሉን ተውነው። አንዲት ጠና ያለች ሴት የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ገባንና ሥጋም ወተትም የሌለበት ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። "ሆብዝ ቢዝ ዜይት" አለች። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። "ዘይት አለች እኮ!" ሴትዮዋ ቅርፊቱ ደረቅ ያለ ዳቦ ወፈር አድርጋ ቆረጠች፣ የቲማቲም ድልህ ቀባችው፣ ከላይ የወይራ ዘይት አንቆረቆረችበት፤ ወይራና ኬፐር የሚሉትን ጎምዘዝ ያለ እንቡጥ በተን አደረገችና ዓሣውን ትታ ሰጠችን። "ሆብዝስ ምንድነው?" እማዬ ስትለኝ ወደ ዳቦው አመለከትኩ። ዝም ብላ ቆየችና "ኅብስት ነዋ" አለች።

ለእኔ የጉዞው ትልቁ ነገር ይሄ ሆነ። ማልትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ የሚናገረው ሕዝብም አብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ ቋንቋው ግን ከዐረብኛ የወጣ ሴማዊ ነው። ሰማይን "ሴማ"፣ ደምን "ዴም"፣ ራስን "ራስ" ይሉታል። አማርኛ የሚናገር ሰው እዚያ ጆሮውን ከፍቶ ቢሄድ ብዙ ያገኛል፤ ይህን አንድም የጉዞ መጽሐፍ አልነገረኝም።

የቅዱስ ዮሐንስን ካቴድራል ያየነው ዓርብ ከሰዓት ነው። እሁድና በበዓል ቀን ለጎብኚ ስለሚዘጋ ቀን ቁጠሩ። መግቢያው 15 ዩሮ ነው፣ ውድ ነው፣ ግን ይገባዋል። ወለሉ በሙሉ ደሴቷን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች መቃብር ነው፤ ባለ ቀለም እብነ በረድ ስለሆነ ሹል ተረከዝ ጫማ አያስገቡም። ካራቫጆ በ1608 የሳለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ እዚያ ነው። ሠዓሊው በሥዕሎቹ ላይ ስሙን የጻፈው በዚህ ብቻ ነው፤ የጻፈውም ከዮሐንስ አንገት በሚፈሰው ደም ውስጥ ነው። እማዬ አማተበችና ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የሐዋርያው ነው የሚባል የእጅ አንጓ አጥንት፣ የተሰየፈበት ነው የሚሉት ዓምድ ቁራጭም እዚያ አለ። እማዬ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አልከለከላት። ማታ የጳውሎስን የእንጨት ሐውልት በትከሻ ተሸክመው ሲወጡ ማርሽ ባንዱ ይመታል፣ ከየበረንዳው የተቆራረጠ ወረቀት እንደ ዝናብ ይወርዳል። አንድ ቡና ቤት ያለው ሰውዬ እማዬ ቆማ ሲያይ ወንበር አወጣላት፤ ለመክፈል ስጠይቀው እጁን አወዛወዘብኝ።

ስለ መጓጓዣ ባጭሩ፦ አውቶቡስ እኛ በሄድንበት በ2024 ክረምት 2 ዩሮ ነበር፣ ቲኬቱ ለሁለት ሰዓት ያገለግላል። አገሩ በሙሉ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንም መንገዱ ይጨናነቃል። ጎዞ የምትባለው የማልታ ሌላዋ ደሴት ለመድረስ ከቫሌታ አንድ ሰዓት ያህል በአውቶቡስ፣ ከዚያ 25 ደቂቃ በጀልባ ነው። እኛ ተውናት፣ አልተቆጨሁም። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከወደቡ ወደ ላይኛው ባራካ መናፈሻ የሚያወጣው አሳንሰር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይኸኛው ይሠራል።

እሁድ ማርሳሽሎክ ወረድን። የዓሣ ገበያ ነው፣ በ81 ቁጥር አውቶቡስ ይኬዳል። ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡት ጀልባዎች ፊታቸው ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ተስሎባቸዋል፣ ባሕር ላይ እንዲጠብቃቸው። ከዓሣው ጎን ልብስም ዳንቴልም ይሸጣል። እማዬ አንድ ትንሽ ዳንቴል አንስታ ወደ እኔ ዞረች፣ ዋጋውን እንድጠይቅላት። ሻጯ አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ በማልትኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። "ሴባ" አለች ጓደኛዋ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ቦርሳዋን ፈታ፣ "ሰብዐቱ" እያለች ሰባት ዩሮ ቆጥራ ሰጠቻት።