ኪዮቶን በአንድ ቀን፣ ከልጆች ጋር፦ ኪዮሚዙ፣ ኬኒንጂና የኒሺኪ ገበያ ለሰሜን ሸዋ ቤተሰብ

ለቤተሰብ የሚሸጠው የአንድ ቀን የጃፓኗ ኪዮቶ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ አምስትና ስድስት ቦታ ይደረድራል፤ በወርቅ የተለበጠው ኪንካኩጂ፣ የአራሺያማ የቀርከሃ ጫካ፣ የፉሺሚ ኢናሪ ቀያይ በሮች፣ ገበያው፣ ሌላም ሌላም። ቦታዎቹ በከተማዋ ዳርና ዳር የተበተኑ ስለሆኑ ቀኑ አውቶቡስ ውስጥ ያልቃል። ልጆች ደግሞ ከሦስተኛው ቦታ በኋላ ዓይናቸው ይደክማል። እዚህ የምንገመግመው ሦስት ቦታ ብቻ ያለውን መንገድ ነው፦ በማለዳ የኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ፣ ረፋድ ላይ የኬኒንጂ የጠጠር ግቢ፣ ለምሳ የኒሺኪ ገበያ። ከኪዮሚዙ እስከ ኒሺኪ በእግር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጀመሪያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ሜዳ። ጣርማበርን ለሚያውቅ እግር ምንም አይደለም።

መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እንጨርስ። ጃፓን ከኢትዮጵያ 6 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ኪዮቶ ሲገባ መነካት የለበትም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ኪዮቶም ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ነው፣ መርፌው ያው ነው። የሚያሳስተው አጠራሩ ነው። ኪዮሚዙ «በ6 ሰዓት ይከፈታል» ሲባል ንጋት ላይ፣ እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የምንለው ጊዜ ነው። 6 ሰዓትን እኩለ ቀን አድርጎ የቆጠረ ቤተሰብ በሩ ላይ የሚደርሰው ሰልፉ መንገዱን ከሞላው በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በጃፓን አቆጣጠር ነው።

ቀጥሎ ወቅቱ። ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ብዙ ሰው ጉዞውን ያኔ ያስባል፤ ለኪዮቶ ግን ከሁሉ የከፋው ጊዜ ያ ነው። ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ዝናብ ነው፤ በነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ33 ዲግሪ ያልፋል። ከተማዋ በተራራ የተከበበ ረባዳ ላይ ስላለች እርጥበቱ አይወጣም። 2,800 ሜትር ላይ በነሐሴ ጋቢ ለብሶ የሚያድር ሰው ይህን ሙቀት የሚሸከመው ቢበዛ እስከ ረፋድ ነው። ምርጡ ጊዜ ኅዳር ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ፣ የሜፕል ዛፎች ቅጠል ቀይ። ሁለተኛው ቼሪ የሚያብብበት የመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሰዉ ብዛት ይከብዳል። ከነሐሴ በቀር ምርጫ የሌለው ቤተሰብ ቢያንስ ቀኑን ነሐሴ 10 ላይ ያድርገው። በዚያ ምሽት ከ8 ሰዓት ጀምሮ በኪዮቶ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ትልልቅ የእሳት ምልክቶች ይለኮሳሉ፤ የሙታንን ነፍስ መሸኛ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በአገር ቤት ለቡሄ ችቦ እንደሚበራ ለሚያውቁ ልጆች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ወቅቶች ከጾም ጋር ይገጥማሉ። ቼሪው በዐቢይ ጾም ያብባል፣ ነሐሴ ፍልሰታ ነው፣ ከኅዳር 15 በኋላ የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ የዚህ ቀን ክፉና ደግ የሚወሰነው በምግቡ ነው። ወደ ገበያው ስንደርስ በሰፊው እንመለስበታለን።

ከኪዮቶ ጣቢያ ወደ ኪዮሚዙ የሚወስደው የከተማ አውቶቡስ ቁጥር 206 ነው፤ ጎጆዛካ ወይም ኪዮሚዙ-ሚቺ ፌርማታ ወርዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዳገት መውጣት ነው። ዋጋው ለአዋቂ 230 የን፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 120 የን፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሁለት ልጆች ከአንድ ከፋይ ጋር በነጻ ይሄዳሉ። በኋላ በር ተገብቶ፣ ሲወርዱ በፊት በር ይከፈላል። የሳንቲም ሣጥኑ መልስ አይሰጥም፤ ከጎኑ ያለው መመንዘሪያ 1,000 የንን ይዘረዝራል፣ ትልልቁን ኖት ግን አይቀበልም። እንግዳ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ 10,000 የን ብቻ ይዞ ሾፌሩ ፊት ቆሞ መቅረት። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲወጡ ከሱቅ ውኃ ገዝቶ ማስዘርዘር ይበቃል። 1,100 የን የሚሸጠው የቀን ትኬት ለዚህ መንገድ ኪሳራ ነው፤ በዚህ ቀን አንድ ሰው ለመሄጃና ለመመለሻ የሚያወጣው 450 የን ብቻ ነው።

ኪዮሚዙ-ዴራ «የንጹሕ ውኃ ቤተ መቅደስ» ማለት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ778 ሲሆን ዛሬ የሚታየው ዋና ሕንጻ በ1633 እንደገና የታነጸ ነው። መግቢያው ለአዋቂ 500 የን፣ ለተማሪ ልጅ 200 የን። ሰው የሚሄድለት ከገደሉ ላይ ወጣ ብሎ ለቆመው የእንጨት ሰገነት ነው፤ ቁመቱ 13 ሜትር፣ ከሥሩ 18 ግዙፍ ምሰሶዎች፣ አግዳሚዎቹ በምሰሶዎቹ ወገብ አልፈው እርስ በርስ የተጋጠሙ እንጂ በምስማር የተመቱ አይደሉም። ብዙ ቤተሰብ ሰገነቱ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሥራው የሚታየው ከታች ነው። መንገዱን ተከትላችሁ ወደ ኦቶዋ ፏፏቴ ውረዱና ቀና በሉ። የአናጢ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ልጅ የሚገባው እዚያ ቆሞ ነው።

ኦቶዋ ላይ ውኃው በሦስት አሸንዳ ይወርዳል፤ ሰዉ እጀታው ረጅም በሆነ ጭልፋ ይቀዳል። ከ9 ሰዓት በኋላ ሰልፉ ረጅም ነው። ለእኛ ጠበል አይደለም፤ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት ስለሆነ በአክብሮት ማየት ይበቃል፣ ማንም ጠጡ ብሎ አያስገድድም። ሰገነቱ ላይ ጫማ አይወልቅም፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገቡ ግን ይወልቃል፣ ፎቶም ክልክል ነው። ዋናው የካኖን፣ በቡድሃ እምነት የምሕረት ተምሳሌት የሆነችው፣ ምስል ተሰውሮ የሚኖርና በ33 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ለሕዝብ የሚገለጥ ነው። በጥምቀት ታቦቱን በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ እንጂ ገልጦ አይቶ የማያውቅ የሸዋ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የሕፃን ጋሪ አትያዙ። ከኪዮሚዙ የሚወርዱት የሳኔንዛካና የኒኔንዛካ መንገዶች የድንጋይ ደረጃ ናቸው፤ ጋሪው ተሸካሚ ይሻል። አንቀልባ ይዞ የሄደ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ይጓዛል፤ ገበያው ውስጥም እንዲሁ። 7 ሰዓት ላይ ኪዮሚዙ ገብቶ 8 ተኩል የወጣ ሰው ደረጃዎቹን ባዶ ያገኛቸዋል፤ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፣ የያሳካ የእንጨት ግንብም ያለ ሰው ጋጋታ ይታያል። ከዚያ በማሩያማ መናፈሻ ማረፍ ነው፤ በነጻ ነው፣ ኩሬና ሣር አለው፣ ልጆች የሚሮጡበት የቀኑ ብቸኛ ቦታ ይኸው ነው። በጊዮን ሰፈር ስታልፉ ወደ ጠባቦቹ የግል መተላለፊያዎች አትግቡ፤ ፎቶ ማንሳት 10,000 የን እንደሚያስቀጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተሰቅሏል።

ኬኒንጂ በ10 ሰዓት ይከፈታል፤ ለአዋቂ 800 የን። እ.ኤ.አ. በ1202 በመነኩሴው ኤይሳይ የተመሠረተ የኪዮቶ ጥንታዊው የዜን (በዝምታ ማሰላሰልን የሚያስቀድም የቡድሃ እምነት ክፍል) ቤተ መቅደስ ነው፤ ኤይሳይ የሻይ ዘርን ከቻይና አምጥቶ በማስፋፋት ይታወቃል። በግቢው ነጭ ጠጠር ተነጥፎ በጥርሳም መቧጠጫ መስመር ይወጣለታል፤ መስመሩ የውኃ ሞገድ ነው፣ ድንጋዮቹ ደሴት ወይም ተራራ። ውኃ የለም፣ ውኃው የሚታሰብ ነው። ሌላው የውስጥ ግቢ መሬት ላይ በሚለጠፍ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የተሸፈነ ሲሆን በመካከሉ ሦስት ድንጋዮች ቆመዋል፤ በአራቱም ወገን ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ለልጆች የምንመርጠው ይህን ነው፤ በረንዳው ላይ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ስለሚፈቀድ። በትልቁ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ለ800ኛ ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሣሉ ሁለት ዘንዶዎች አሉ፤ ስፋቱ «ታታሚ» የሚባለው የጃፓን የወለል የሣር ምንጣፍ 108 ያህል ነው። ልጆች አንገታቸው እስኪዝል ያዩታል።

እዚህ ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ በብርዱ ወራት በረዶ ነው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወፍራምና ንጹሕ ካልሲ ያዙ። ማሰሪያው የረዘመ ጫማ የለበሰ ልጅ ሰልፉን ያስቆማል። ጠጠሩን በእጅም ቢሆን መንካት አይፈቀድም። የሪዮአንጂ ግቢ ከዚህ ይበልጥ ዝነኛ ነው፤ 15 ድንጋዮች አሉት፣ ከየትኛውም ቦታ ተቀምጦ አንዱ ይሰወራል። ነገር ግን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ስላለ ለእሱ ሌላ ቀን ያስፈልጋል። አንዳንድ ቀን ኬኒንጂ ለሥርዓት ይዘጋል፤ በጉዞው ሳምንት ድረ ገጻቸውን ማየት ነው።

ኒሺኪ በ11 ሰዓት አካባቢ ይደረሳል። ርዝመቱ 390 ሜትር፣ ስፋቱ ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት፣ ከላይ ጣሪያ ያለው አንድ መንገድ ነው። እንደ አገራችን ገበያ በሜዳ አይዘረጋም፤ ዋጋ አይከራከሩም፣ ዕቃ አንሥቶ እየገለበጡ ማየትም ነውር ነው። ገበያው ዓሣ መሸጫ ሆኖ የቆመው ከሥሩ ባለው ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውኃ ምክንያት ነው፤ ዓሣው በእሱ ይቀዘቅዝ ነበር። እየተራመዱ መብላት አይፈቀድም፤ የገዙበት ሱቅ ፊት ቆሞ መጨረስና ምግቡ የተሰካበትን እንጨት ለባለሱቁ መመለስ ነው። በመንገድ ላይ ቆሻሻ መጣያ የለምና አንድ ባዶ ፌስታል ኪስ ውስጥ ይኑር።

አሁን ጾሙ። የጃፓን ምግብ የአትክልት ቢመስልም ሥሩ «ዳሺ» የሚባል መረቅ ነው፤ የሚሠራው ከኮምቡ፣ ማለትም ከባሕር ቅጠል፣ እና ጭስ ከጠገበ «ካትሱኦ» ከተባለ ደረቅ ዓሣ ነው። «ሚሶ» የሚባለው የአኩሪ አተር ሾርባ፣ ኡዶንና ሶባ የሚባሉት የፓስታ ዓይነቶች መረቅ፣ የተቀቀለው ዱባ፣ የቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ማጥቀሻው ሳይቀር ይህ አለባቸው። በጾም ዓሣ የማይበላ ቤተሰብ «አትክልት ብቻ» ብሎ ቢያዝ ዓሣው አይቀርለትም፤ አስተናጋጁ ዳሺን እንደ ዓሣ አይቆጥረውምና። መጠየቅ ያለበት «ካትሱኦ ዳሺ ሃይቴማስ ካ» ተብሎ ነው፤ የካትሱኦ መረቅ አለው ወይ ማለት ነው። ያለ ስጋት የሚበላው «ሾጂን ሪዮሪ»፣ የቡድሃ መነኮሳት ማዕድ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የለውም፣ መረቁ ከኮምቡና ከደረቅ እንጉዳይ ነው። ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ3,000 የን በላይ ነው፣ በቀጠሮ ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ለእኛ ምላስ አልጫ ነው።

ገበያው ውስጥ ለጾመኛ የሚሆነው፦ የተጠበሰ ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬ፣ ሰሊጥ፣ ሞቺ (ከሚያጣብቅ ሩዝ ተወቅጦ የሚሠራ)፣ የአኩሪ አተር ዱቄት የተነሰነሰባቸው ጣፋጮችና «ዩባ» የሚባለው የአኩሪ አተር ወተት ቆዳ። የኪዮቶ ኮምጣጣ አትክልቶችም በብዛት አሉ፤ «ሺባዙኬ» ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነው፣ «ሴንማይዙኬ» በስሱ የተከተፈ ትልቅ ነጭ ሥር ነው፤ አንዳንዱ ግን ዳሺ ስለሚገባበት ጽሑፉን በስልክ ካሜራ አስተርጉሙ። ሞቺ ለትንንሽ ልጆች አደገኛ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይለጥፋል፣ በጣት ጫፍ ልክ ቆርጣችሁ ስጡ። ሚጥሚጣ ለናፈቀው «ሺቺሚ» አለ፤ በርበሬ፣ ሰሊጥና ሌሎች ቅመሞች ያሉበት፣ በሱቁ ቅመሙ ሲቀላቀል ይታያል። የሚጠጣው «ሙጊቻ» ይሁን፤ የተቆላ ገብስ ሻይ ነው፣ ስኳር የለውም፣ እንቅልፍ አይነሣም። ሽታው የመንዝን የገብስ ቆሎ ከምጣድ ሲወርድ ያስታውሳል፤ ልጆች በቀላሉ ይለምዱታል።

በፍስክ ቀን ደግሞ «ዳሺማኪ»፣ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው እንቁላል፣ ትኩሱን ብሉት። በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ዶሮም አለ። «ታኮ» ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ፣ «ኤቢ» ሽሪምፕ፣ «ኡናጊ» እባብ የሚመስለው ዓሣ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ እነዚህን ሦስት ቃላት ይያዙ። «ቡታ» አሳማ ነው። ራመን የሚባለው የፓስታ ሾርባ መረቁ፣ ግዮዛ የሚባለው በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ውስጡ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው፤ የተፈጨ ሥጋም ከበሬ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ለሸዋ ሙስሊም ቤተሰብም ይኸው ማስጠንቀቂያ ይሠራል፤ በተጨማሪ «ሚሪን» የሚባለው ማጣፈጫ አልኮል አለው። ከአገር ቤት ቋንጣ ይዞ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ ያለ ኳራንቲን ምስክር ወረቀት ሥጋ ማስገባት በጃፓን ሕግ ያስቀጣል።

ከምግብ ሌላ የሚገዛ ካለ ቢላዋ ነው። አሪትሱጉ የሚባለው ሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1560 ጀምሮ የነበረ ነው። ያልተደባለቀው ብረት ስለቱ ድንቅ ነው፤ ግን ሽንኩርት ቆርጠው ሳያደርቁ ካሳደሩት በማግሥቱ ይዝጋል፣ አጥንት ላይ ቢያርፍ ይሸረፋል። ለወጥ ቤታችን የማይዝገው ይሻላል። በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ በሚጫነው ውስጥ ይታሸግ።

መጸዳጃ ቤት ገበያው ውስጥ አያስተማምንም። በምዕራብ በኩል ሲወጡ በታካኩራ መንገድ ላይ ዳይማሩ የሚባል ትልቅ መደብር አለ፤ ንጹሕ መጸዳጃና ሕፃን መቀየሪያ ክፍል አለው፣ ሳይገዙም ይገባል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ተራምዶ ሺጆ የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው ፌርማታ ኪዮቶ ጣቢያ ነው፣ ለአዋቂ 220፣ ለልጅ 110 የን። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ አትመለሱ፤ ከጊዮን በኩል የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ስለሚያልፍ ልጅ የያዘ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል።