ስምንት ወር ከክራንች መያዣዬ ጋር

መጀመሪያ የማንን አስተያየት እንደምታነቡ ልንገራችሁ። ግራ እግሬ አይሸከመኝም። ያለ ክራንች ከአልጋዬ እስከ በሩ እንኳ መድረስ ይከብደኛል። የምነዳው 125 ሲሲ አውቶማቲክ ስኩተር ነው። ማርሽ የለውም፤ ሁለቱም ፍሬኖች በእጅ ናቸው። አንዴ ከተነሳሁ እንደማንኛውም ሰው እነዳለሁ። ጣጣው ከመነሳቴ በፊትና ከቆምኩ በኋላ ነው። ክራንቾቹ የት ይቀመጡ?

ይህን መያዣ ከመግዛቴ በፊት ያልሞከርኩት የለም። ጀርባዬ ላይ አስሬ ሄድኩ፤ ሄልሜቴን ከኋላ እየገፉ አንገቴን ማዞር ከለከሉኝ። እግሬ ሥር አጋድሜ ሄድኩ፤ መሪው ስፋቱ 70 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ የእኔ የክንድ ክራንች ደግሞ ወደ 95 ሳንቲም ይጠጋል። በግራም በቀኝም እንደ በሬ ቀንድ ወጡ። አንድ የቆመ መኪና ልቧጥር ለጥቂት ተረፍኩ። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት ግድግዳ ላይ የሚይዘውን ዓይነት ስፕሪንግ ያለው መቆንጠጫ ገዝቼ አሰርኩ። የባሰው እሱ ነበር። ለምን እንደባሰ በኋላ እመለስበታለሁ፣ የዚህ ዕቃ ዋናው ጥቅም ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ዕቃው ሲያዩት ምንም አይመስልም። ታች ላይ የክራንቾቹ ጎማ የሚገባበት፣ 6 ሳንቲም ያህል ጥልቀት ያለው የፕላስቲክ ኩባያ አለ። ላይ ደግሞ ጎማ የለበሰ ግማሽ ቀለበትና አንድ ማሰሪያ ላስቲክ። ኩባያው በተፈናጣጭ እግር ማሳረፊያ ላይ፣ ቀለበቱ ከመቀመጫው ኋላ ባለው እጀታ ላይ ይታሰራል። ክራንቾቹ ከወገቤ ኋላ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የሁለቱ ክራንች ክብደት ተደምሮ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ስነዳ መኖራቸውንም እረሳለሁ። ንፋስ ቢሆን፣ ኩርባ ቢሆን፣ ምንም ለውጥ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስኩተሮች የጎን ስታንዳቸው በግራ ነው። ሲቆሙ ወደ ግራ ይጋደላሉ። ሰው ሁሉ በግራ በኩል፣ በግራ እግሩ ቆሞ ቀኙን አሻግሮ ነው የሚወጣው። እኔ በግራ እግሬ መቆም አልችልም። ስለዚህ በቀኝ በኩል፣ በቀኝ እግሬ ቆሜ፣ ግራዬን በእጄ አንስቼ ነው የማሻግረው። ስታንዱንም ብየዳ ቤት ወስጄ ዘንግ አስቀጥዬበት በእጄ ነው የማወርደው። እንግዲህ ክራንቹን ቀኝ ጎን ላይ ካልሆነ የት ላደርገው?

ያ የመጥረጊያ መቆንጠጫ ክራንቹን የሚለቀው ወደ ውጭ ሲስቡት ነበር። አንድ ቀን ጠበቅ አለብኝና በኃይል ሳብኩት። ክራንቹ አልወጣም። ስኩተሩ ግን ከስታንዱ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። በአንድ እግር ቆሜ፣ ያለ ክራንች፣ ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት በደረቴ ደገፍኩ። እንዴት እንደመለስኩት ዛሬም አላውቅም።

ይህኛው ወደ ውጭ አይሳብም። ላስቲኩን ትፈታላችሁ፣ ክራንቹን ወደ ላይ አንድ ስንዝር ታነሱታላችሁ፣ ከኩባያው ይወጣል፣ አለቀ። እንደተቀመጥኩ፣ በአንድ እጅ፣ ሞተሩ ሳይነቃነቅ። ለእኔ ገንዘቡን ያወጣው ይህ ብቻ ነው። ሌላ መያዣ ልትገዙ ካሰባችሁም መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን፦ ወደ ላይ ነው የሚወጣው ወይስ ወደ ጎን?

እንከኑ ግን ብዙ ነው።

ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ በአብዛኞቹ ስኩተሮች በቀኝ ነው። የእኔም እንደዚያው። በመጀመሪያው ሳምንት የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከሌላ መኪና የመጣ መስሎኝ ዝም ብዬ ነዳሁ። ስወርድ ኩባያው ወደ ውስጥ ዞሮ አንዱ የክራንች ጎማ በጎኑ ቀልጧል። መመሪያው ላይ ስለ ሙቀት አንዲት ቃል የለም። ረጅም ብሎን ገዝቼ፣ መሃሉ ላይ የ4 ሳንቲም ቧንቧ አስገብቼ ኩባያውን ወደ ውጭ አራቅኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ዳዶው ላላ። ንዝረት ያላላዋል፣ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው አምራቹ ናይለን ያለውን ዳዶ አለማድረጉ ነው። ቀየርኩት፤ እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ዝናብ ሲመጣ ሌላ ጉድ ወጣ። ኩባያው ከታች ቀዳዳ የለውም። ውሃና ጭቃ ይጠራቀምበታል። ክራንቹን አውጥቼ በረጠበ ጎማ ልስልስ ሴራሚክ ላይ ስረግጥ ምን እንደሚሆን ክራንች የያዘ ሁሉ ያውቃል። አልወደቅኩም፣ ግን ግድግዳ አቀፍኩ። በዚያው ቀን ማታ ኩባያውን በመብሻ ሦስት ቦታ በሳሁት። አሁንም ቢሆን ጨርቅ ከኪሴ አይጠፋም፤ ጎማውን ሳልጠርግ አልረግጥም።

ማሰሪያ ላስቲኩ በአምስተኛው ወር ፀሐይ ሰነጣጠቀው። ምትኩ ከዕቃው ጋር አልመጣም። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ሠራሁ፣ ከፋብሪካው ይሻላል። በዚያው ቁራጭ ቀለበቱን ደረብ ስላደረግኩት የክራንቾቹ መንቀጭቀጭም ቆመ።

በስድስተኛው ወር ጠጠር ላይ ወደ ቀኝ ወደቅኩ። ፍጥነት አልነበረም፣ ቆሜ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ምንም አልሆንኩም። ክራንቾቼ ግን ከስኩተሩ ሥር ናቸው። እኔ ጠጠሩ ላይ፣ እነሱ ብረቱ ሥር። አንድ መንገደኛ ሮጦ መጣ። መጀመሪያ ክራንቾቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ክራንቹ የማን ነው? ሰው ገጨህ እንዴ?» አለኝ። የተገጨ ሰው ከስኩተሩ ሥር ያለ መስሎት አጎንብሶ ፈለገ። የእኔ መሆኑን ሳስረዳው ይባስ ግራ ተጋባ። እስከዛሬ ሳስበው እስቃለሁ።

አንዱ ክራንች ጎብጧል። የጎበጠ አሉሚኒየም አቃንቶ መጠቀም አደጋ ነው፤ በተቃናበት ቦታ ደክሞ አንድ ቀን ይከዳችኋል። ጣልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታጣፊ የመደገፊያ ዘንግ እይዛለሁ፤ ስኩተሩ ላይ ሳይሆን ደረቴ ላይ በማንጠለጥላት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ። ስኩተሩ ቢወድቅ ዘንጉ ከእኔ ጋር ነው።

ብብት ሥር የሚገባውን ረጅሙን ክራንች ለምትይዙ አልመክረውም። የላይኛው ሰፊ ክፍል ከቀለበቱ ጋር አይስማማም። ታጣፊ ዘንግ ብቻ ለምትይዙም ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ቦርሳ ይበቃችኋል። የክንድ ክራንች ይዛችሁ ስኩተር ለምትነዱ ግን፣ መብሻና ጥሩ ዳዶ ካላችሁ፣ ግዙት።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ቀርቷል። ኩባያው የተፈናጣጩን እግር ማሳረፊያ ስለያዘ ሰው ማፈናጠጥ አልችልም። እህቴ ስምንት ወር ሙሉ «መቼ ነው የምታፈናጥጠኝ?» ትለኛለች። ኩባያውን ወደ ኋላ የሚወስድ ብረት በካርቶን ቆርጬ ለክቻለሁ፤ ለጊዜው ማርሚታው ላይ እያረፈ አስቸግሮኛል።