ሊኑክስ ሚንት በአሮጌ ኮምፒውተር፦ ከኮፒ ቤቴ የታየ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጽሕፈት፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት። ሥራውን የሚሸከሙት ሁለት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ናቸው። ፕሮሰሰራቸው ኮር ቱ ዱኦ፣ 4 ጂቢ ራም፣ ዊንዶውስ ሰቨን። አርጅተዋል፤ ግን እንጀራዬ እነሱ ናቸው። አንዱን በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት፤ ለምንና እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ማይክሮሶፍት ለሰቨን የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ያኔ ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱም ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ፕሪንቱም ወጣ። ጣጣው የመጣው ቀስ እያለ ነው። በ2023 መጀመሪያ ክሮም ለሰቨንና ለ8.1 ቨርዥን 109 ላይ ቆመ። ብሮውዘሩ መከፈቱን ይከፈታል። እየቆየ ግን አንዱ ገጽ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ላይ ቁልፉ አልጫን ይላል።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጇን ፎርም ልታስሞላ መጣች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የመጣችው። ሙሉውን ሞላን፣ ፎቶውን አስገባን፣ መጨረሻ ላይ መላኪያው ቁልፍ አልሠራም አለ። እንደገና ሞላን። ሦስተኛም ሞላን። በመጨረሻ በስልኬ ጨረስኩላት። እሷ አመስግና ሄደች፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው አምኖኝ ለመጣበት ሥራ ዕቃዬ ካልበቃ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ቴክኒሻን «ጣላቸውና አዲስ ግዛ» አለኝ። በዛሬ ዋጋ ሁለት ኮምፒውተር! ሌላው «ዊንዶውስ ቴን ልጫንልህ» አለ። የቴን ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለተመዘገበ ሰው የደኅንነት ማሻሻያው እስከ ኦክቶበር 2026 ይቀጥላል፣ ከዚያ ያው ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። አዲሶቹ ቨርዥኖቹማ ኮር ቱ ዱኦ ላይ ጭራሽ አይነሱም።

ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት 22ን ሞከርኩ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ነፃ ነው፣ ክራክ የለ፣ ምን የለ። ፋይሉ ወደ 3 ጂቢ ስለሚጠጋ በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት። ፍላሽ ላይ ለመጫን ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ስከፍት ደግሞ እሱም ከቨርዥን 4 ጀምሮ ሰቨንን ትቷል። 3.22ን ፈልጋችሁ አውርዱ፣ ለሰቨን የመጨረሻው እሱ ነው። ሌላ የምመክራችሁ፦ ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ መጀመሪያ ከፍላሹ አስነሱትና አንድ ሁለት ሰዓት ተጠቀሙበት። ድምፁን፣ ኔቱን፣ ፕሪንተሩን እዩት። ካልጣማችሁ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ፍላሹን ትነቅላላችሁ፣ ሰቨን እንደነበረ ይነሳል።

እኔ አንዱ ማሽን ላይ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣኑን ዲስክ ገጥሜ ጫንኩት። ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ኤስኤስዲ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ድሮ ጠዋት አብርቼው ሻይ ጠጥቼ እመለስ ነበር። አሁን በሩን ከፍቼ ወንበር እስካስተካክል ተነስቶ ይጠብቀኛል። ፋየርፎክስ አዲሱ ነው፣ ገጾቹ ሁሉ ይከፈታሉ። በአንድ ጊዜ አሥር ታብ ከከፈታችሁ ግን 4 ጂቢው ያጥራል፤ ያንን ማንም አይፈታውም።

አማርኛው ይሠራል። አይባስ የሚባለው የኪቦርድ ቋንቋ መምረጫ ውስጥ ገብታችሁ ሴራ የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ትመርጣላችሁ፣ በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል። ጣቴ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ ስለለመደ አንድ ሳምንት ያህል እየተደናቀፍኩ ነው የጻፍኩት። አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኑ፣ ለደብዳቤ ያምራል።

የድሮ ፋይል ላይ ግን ተጠንቀቁ። የሠፈራችን እድር ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንባቸውን በፍላሽ ይዘው መጡ፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። ሚንቱ ላይ ስከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሞላው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ልጄ፣ ይሄ የኛ ደንብ ነው?» አሉኝ። ደንግጠዋል። ፋይሉ አልተበላሸም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት የተጠቀምንባቸው ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቦታ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ላቲኑ ነው። ሰቨን ያለበት ማሽን ላይ ከፍቼ ፒዲኤፍ አደረግኩት፣ 14 ገጹም ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሁለተኛውን ማሽን ያልነካሁት ለዚህ ነው። ሰቨኑ እንዳለ ነው፣ የኔት ገመዱን ግን ነቅዬዋለሁ። የድሮ ፎንት፣ ፓወር ግዕዝ፣ ፒችትሪ፣ ሚንት ላይ እምቢ ያለኝ አንድ አሮጌ ፕሪንተር፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ በተለይ ስሙኝ፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ሚንት ላይ ይነሳልኛል ብላችሁ ማሽናችሁን እንዳታጸዱት። ኤችፒ ፒ1102 ፕሪንተሬ ግን ከኔት አንድ ተጨማሪ ፋይል ከወረደለት በኋላ ሚንቱ ላይ ያለምንም ችግር ያትማል።

ያላሰብኩት ጥቅም ደግሞ ፍላሽ ላይ መጣ። ሾርትከት ቫይረስን የማያውቅ የለም። አንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ወደ ሾርትከት ተለውጦባት እንባዋ ሊመጣ ደርሶ ገባች። ሚንቱ ላይ ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ቁጭ ብለዋል። ቫይረሱ የሚደብቃቸው ከዊንዶውስ ነው፣ ሚንቱ ያንን መደበቂያ ከቁብ አይቆጥረውም። ኮፒ አድርጌ በሌላ ፍላሽ ሰጠኋት። አሁን ማንኛውም የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ የሚሰካው እዚያ ነው።

ከሰቨን መውጣት የማትችሉ ካላችሁ፣ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ረጅም ጊዜ የሚደገፈውን ቨርዥን) ጫኑ። ለሰቨንና ለ8.1 የደኅንነት ማሻሻያ የሚያበቃበትን ቀን ደጋግመው ገፍተውታል፣ ከክሮም 109 ይሻላል። ባንክ ነክ ነገር ግን እዚያ ላይ አትክፈቱ፣ እባካችሁ።

ሚንት 22 እስከ ፈረንጆቹ 2029 ድጋፍ አለው። ፋይሉ እኔ ጋ አለ፤ ሠፈር ያላችሁ 8 ጂቢ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ በነፃ እጭንላችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለ።