የገንዘብ አማካሪ ስትቀጥሩ፦ ደመወዙን የሚከፍለው ማነው?

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ኮት የለበሰ ያገራችን ልጅ መጣ። ሥራው ሲጠየቅ «የፋይናንስ አማካሪ ነኝ» አለ። ትሁት ነው፣ ሰው ያከብራል፣ ለምክሩም ሰባራ ሳንቲም አልጠየቀም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጓደኛዬ 20,000 ዶላር ፈረመ። በኋላ ወረቀቱን አምጣ ብዬ ሳነበው 5.75 በመቶ የሽያጭ ክፍያ ይላል። ገንዘቡ ገና ሥራ ሳይጀምር 1,150 ዶላሩ ሄዷል። ልጁ አልዋሸም። ጓደኛዬም አልጠየቀም።

ቤት ስንከራይ ደላላው ከማን እንደሚበላ ጠንቅቀን እናውቃለን። የጡረታ ገንዘባችን ላይ ሲሆን ግን መጠየቁ ነውር ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ «ፋይናንሻል አድቫይዘር» የሚለውን ስም ኢንሹራንስ ሻጩም፣ ብሮከሩም (አክሲዮንና ፈንድ የሚያሻሽጠው)፣ ምክር ብቻ የሚሸጠውም ካርዱ ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ስሙን ትተን በክፍያው እናወዳድራቸው።

ኮሚሽን፣ ፊ-ቤዝድ እና ፊ-ኦንሊ

በኮሚሽን የሚሠራው የሚበላው ዕቃው ሲሸጥ ነው፦ ሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ የሚገዛበት)፣ አኑዊቲ (ኢንሹራንስ ኩባንያ በየጊዜው ገቢ ሊከፍል የሚገባው ውል)፣ የሕይወት ኢንሹራንስ። ፊ-ኦንሊ የሚባለው ከደንበኛው ብቻ ይከፈለዋል፤ ከፈንድ ኩባንያም ከኢንሹራንስም ምንም አይቀበልም። በ1983 የተቋቋመው ናፕፋ የተባለ የአማካሪዎች ማኅበር በአባልነት የሚቀበለው እንዲህ የሚሠሩትን ነው። መሀል ላይ ያለው ፊ-ቤዝድ ነው። ስሙ ያምታታል እንጂ ሌላ ነገር ነው፤ እናንተንም ያስከፍላል፣ ኮሚሽንም ይቀበላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

በሕግም ይለያያሉ። የተመዘገበ የኢንቨስትመንት አማካሪ በ1940 በወጣው ሕግ ፊዱሺያሪ ነው፤ የእናንተን ጥቅም ከራሱ የማስቀደም ግዴታ አለበት፣ ግዴታውም ደንበኛው እስከሆናችሁ ድረስ ይቀጥላል። ብሮከሩም ከጁን 2020 ጀምሮ የደንበኛውን ጥቅም አስቀድም ተብሏል። የእሱ ግዴታ ግን በዋናነት ምክሩን በሚሰጥበት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሂሳባችሁን እንዲከታተል፣ በውል ካልተስማማ በቀር፣ አይገደድም።

ኮሚሽን ሁሉ ሌብነት ነው አልልም። የሁለት ልጆች አባት ተርም ኢንሹራንስ (ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚቆይ የሕይወት ኢንሹራንስ) ሲገዛ ሻጩ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ቤተሰቡም ይጠበቃል። ምንም አይደል።

ፊ-ኦንሊም ዓይነት አለው

በብዛት የምታገኙት በመቶኛ የሚያስከፍለውን ነው። የተለመደው በሚያስተዳድረው ገንዘብ ላይ በዓመት 1 በመቶ አካባቢ ነው። ትንሽ ትመስላለች። 400,000 ዶላር ላለው ሰው በየሩብ ዓመቱ 1,000 ዶላር፣ በዓመት 4,000፣ ከአካውንቱ ራሱ ድምፅ ሳያሰማ ይነሳል። ቼክ ስለማንጽፍ አያመንም። ገንዘቡ በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ ከ20 ዓመት በኋላ 1.28 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። አንዷ በመቶ ተነስታለት 5 በመቶ ቢያድግ ደግሞ 1.06 ሚሊዮን። ልዩነቱ 220,000 ዶላር ገደማ፤ የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ቁጠባ።

በመቶኛ የሚከፈለው አማካሪ ኮሚሽን አይብላ እንጂ የራሱ ፈተና አለበት። «401ኬዬን (በሥራ ቦታ የሚጠራቀመውን የጡረታ አካውንት) አሠሪዬ ጋ ልተወው ወይስ ወደ አይአርኤ (በራሴ ስም ወደምከፍተው የጡረታ አካውንት) ላዙረው?» ብትሉት፣ ካዞራችሁት ክፍያ ያስብበታል፣ ካላዞራችሁት ብዙውን ጊዜ አያስብበትም። «የቤት ዕዳዬን ልዝጋ?»፣ «አገር ቤት ቤት ልሥራ?» ስትሉም ያው ነው፤ ገንዘቡ ከእጁ ሲወጣ ገቢው ይቀንሳል። ሐቀኛ የሆነው ይህን ራሱ አስቀድሞ ይነግራችኋል። እኔ ለጥያቄው ከሚሰጠው መልስ ይልቅ ይህን መናገር አለመናገሩን ነው የማየው።

ሁለተኛው ቁርጥ ክፍያ ነው። ገንዘባችሁ 200,000 ይሁን 2 ሚሊዮን፣ በዓመት ይህን ያህል ሺህ ዶላር ብሎ ይቆርጣል። ሦስተኛው በሰዓት ወይም በአንድ ጊዜ ፕላን የሚሠራው ነው፤ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዶላር ነው። ውድ ነው ትሉ ይሆናል። ከላይ ካለው 4,000 ዶላር ጋር አስተያዩት፣ ያውም በየዓመቱ።

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ፣ ገንዘባችሁ አብዛኛው 401ኬ ውስጥ ካለና ኢንዴክስ ፈንድ (ገበያውን እንዳለ የሚከተል ፈንድ) ገዝቶ መተኛት ከቻላችሁ፣ በሰዓት የሚሠራው ይበቃችኋል ባይ ነኝ። ንግድ ያለው፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ወይም ቤት የሸጠ ሰው ቁርጥ ክፍያውን ቢይዝ ይሻለዋል። በመቶኛው የሚያዋጣው ገበያ ሲወርድ ተደናግጦ ለሚሸጥ፣ እጁን የሚይዘው ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ታክስ የሚሞላ እና ታክስ የሚያስብ

ኤፕሪል ላይ የምንሄድበት ታክስ ሠራተኛ ያለፈውን ዓመት ነው የሚጽፈው። ዲሴምበር 31 ካለፈ ብዙው በር ተዘግቷል። ታክስ የሚያስብ አማካሪ ሥራውን የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያለፈውን ዓመት ፎርም 1040 (የፌዴራል ታክስ የተሞላበትን ወረቀት) ካልጠየቃችሁ ታክስ አይመለከትም ማለት ነው፣ ዌብሳይቱ የፈለገውን ይበል።

አክሲዮን በገዛችሁ በ11ኛው ወር ሸጣችሁ 10,000 ዶላር አተረፋችሁ እንበል። 22 በመቶ የገቢ ታክስ እርከን ላይ ያለ ሰው 2,200 ዶላር የፌዴራል ታክስ ይከፍላል። ዓመት ካለፈው በኋላ ቢሸጠው 15 በመቶ፣ ማለትም 1,500 ነው። የ700 ዶላር ትዕግሥት! ዝቅተኛ ገቢ ላለው ደግሞ ይህ ታክስ 0 ሊሆን ይችላል።

ሲከስርም ብልሃት አለው። ኪሳራው ትርፉን ያጣፋል፣ የተረፈው እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዝ ገቢ ላይ ይቀነሳል፣ ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ግን ያንኑ አክሲዮን ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ብትገዙት ኪሳራው አይያዝላችሁም። ባለቤታችሁ በራሷ አይአርኤ ብትገዛውም ያው ነው። አስራት በጥሬ ገንዘብ ከማውጣት፣ ከዓመት በላይ የቆየና ዋጋው የጨመረ አክሲዮን መስጠትም አለ፤ ትርፉ ላይ ታክስ አይከፈልም። ቤተ ክርስቲያኑ አክሲዮን የሚቀበልበት አካውንት ሊኖረው ይገባል እንጂ።

ሰው የማይነግራችሁ አንድ ነገር፦ ከ2018 ጀምሮ ለአማካሪ የምትከፍሉት ከፌዴራል ታክስ ላይ አይቀነስም። በመቶኛ የምትከፍሉ ከሆነ የባህላዊው አይአርኤ ክፍያ ከራሱ ከአይአርኤው ይነሳ በሉ፤ ታክስ ባልተከፈለበት ገንዘብ ከፈላችሁ ማለት ነው። ከሮዝ አይአርኤ (ታክሱ አስቀድሞ ከተከፈለበት) ግን አታስነኩ።

ከመፈረማችሁ በፊት

የአማካሪውን ስም በኤስኢሲ (የኢንቨስትመንት ገበያውን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) የአማካሪዎች መፈለጊያ ገጽ ላይ በነጻ ፈልጉት። ፎርም ኤዲቪ ክፍል 2ኤ የሚባል ሰነድ ይመጣል። ሁሉንም ማንበብ የለባችሁም። ተራ ቁጥር 5 ላይ እንዴት እንደሚከፈለው ተጽፏል፤ ኮሚሽን እንደሚቀበል ካያችሁ ፊ-ኦንሊ የሚለው ወሬ ነው። ተራ ቁጥር 9 ቅጣት ካለበት ይናገራል።

እኔ በዓመት አንዴ፣ ኖቬምበር ላይ፣ በሰዓት እከፍላለሁ። 1040ውን፣ የ401ኬውን ስቴትመንት እና አገር ቤት ያለውን የባንክ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ። ደብተሩ ለምን? ከአሜሪካ ውጭ ያሉ አካውንቶቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት መላክ ግዴታ ነው። የመጀመሪያዋ አማካሪዬ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ያሁኑ ገና ሳልቀመጥ ነው የጠየቀኝ።