ሁለት ወገን በአንድ ፊት፦ ፎቶሾፕ ለፎቶ ሞንታዥ
የእናቴንና የአባቴን ወገን አሮጌ ፎቶግራፎች አዋሕጄ ቅይጥ ማንነቴን በአንድ ምስል ለማሳየት ስነሣ የተጠቀምኩት ፎቶሾፕን ነው። ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ሐና ሆክ ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ በመቀስና በሙጫ የሠራችውን ዓይነት ሞንታዥ (ከተቆራረጡ ፎቶዎች የሚገጣጠም ምስል) ለመሥራት፣ ሶፍትዌሩ በ1994 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚነባበር የምስል ንብርብር) አማካይነት አንዱን ምስል ሳያበላሹ በሌላው ላይ ለመደራረብ ያስችላል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን ማስክ፣ ማለትም የምስሉን ክፍል ሳይሰርዝ የሚሸፍነው መሣሪያ፣ ነው፤ በጥቁር ብሩሽ የሸፈንኩት የአያቴ ሻሽ ጠርዝ በነጭ ብሩሽ ስመልሰው ክር በክር ጉንጬ ላይ ብቅ ይላል፤ እሷ የት አብቅታ እኔ የት እንደምጀምር የወሰንኩትም (ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬ) በዚሁ ነው። መልቲፕላይ የተባለው ማዋሐጃ ነጩን አጥፍቶ ጥቁሩን ስለሚያስቀር ለአሮጌ የእጅ ጽሑፍ ግሩም ሲሆን፣ ቆዳን ስለሚያጠቁር ለፊት አልመክረውም። ብርሃናቸው ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ሁለት ፊቶችን ማስማማት ደግሞ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የፎቶ መረጣ ጉዳይ ነው።