ለሕዝብ ጣቢያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የጀርመንና የፈረንሳይ መንገድ

ጀርመን ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች እያንዳንዱን ቤት ታስከፍላለች፤ ቴሌቪዥን ኖረውም አልኖረውም። ከ2021 ወዲህ በወር 18.36 ዩሮ ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን አሠራሩ ነው። ጣቢያዎቹ ወጪያቸውን ያቀርባሉ፣ ገለልተኛ ኮሚሽን ይመረምራል፣ የክልል ምክር ቤቶች ያጸድቃሉ። በ2020 ሳክሰን አንሃልት የተባለችው ክልል የወርሃዊ ክፍያውን ጭማሪ አላሳልፍም አለች። በዓመቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጭማሪው እንዲጸና ወሰነ። ይኸው ፍርድ ቤት በ2014 ከሕዝብ ጣቢያዎቹ አንዱ በሆነው በዜድዲኤፍ ተቆጣጣሪ ምክር ቤቶች ውስጥ የመንግሥትና የፖለቲካ ሰዎች ከሲሶ እንዳይበልጡ ብይን ሰጥቷል። ገንዘቡም ወንበሩም አብረው ተጠብቀዋል ማለት ነው።

ፈረንሳይ ደግሞ በ2022 የራሷን የቴሌቪዥን ክፍያ አስቀረችና ለሕዝብ ጣቢያዎቿ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ድርሻ መስጠት ጀመረች። ለዜጋው እፎይታ ነው፣ አይካድም። ግን የጣቢያው ድርሻ በየዓመቱ በበጀት ክርክር ውስጥ ይወድቃል። ጋዜጠኛው ባለሥልጣን የሚያስቆጣ ምርመራ ሲይዝ፣ አለቃው የከርሞውን በጀት እያሰበ እጁን ቢሰበስብ አይገርምም።

ስለዚህ የጀርመኑን እመርጣለሁ። የሚከብደኝ ነገር ቢኖር፣ ድጎማ ከሚያገኙት በስተቀር ደሞዙ ትንሽ የሆነውም ሀብታሙም እኩል መክፈላቸው ነው። ፊንላንድ በዚህ ትሻላለች፤ ከ2013 ጀምሮ ጣሪያ አበጅታ በገቢ ልክ ታስከፍላለች።